እርዳታ፦ የጊዮርጊስ ሞዴሌ ግድግዳ ማዕዘኑ ላይ ተዘረገፈ፤ ግራጫ የሌጎ መጫወቻ ጡብ በነጠላ ከየት ልግዛ?

ዶሮ ማነቂያ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ቸኩያለሁና ይቅርታ። ባለ 1 በ 2 (ከላዩ በአንድ መስመር ሁለት መሰኪያ ጉብታ ያለው) ግራጫ ጡብ 600 ያህል እፈልጋለሁ፤ ዛሬ ሌሊት መታዘዝ አለበት። አጎቴ እሁድ ከፍራንክፈርት ይሳፈራል። ዕቃው እስከ ዓርብ እጁ ካልገባ ሌላ የሚያመጣልኝ ሰው የለም። ባለፈው ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ በኪሎ የገዛሁት ብትን ጡብ ጉድ ሠራኝ። ዛሬ ማታ አሥራ አንደኛውን ረድፍ ስጭን ከታች በኩል ማዕዘኑ ቀጭ አለና ተከፈተ፤ ሦስት ግድግዳ ተያይዞ ወደ ውጭ ተዘረገፈ። ልጄ አልቅሳ ተኛች። ግራጫውም ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል፤ በቀን ብርሃን ሲያዩት የተጣፈ ልብስ ይመስላል። በእጄ የቀረው 70 ዩሮ ነው። ርካሽና ጥሩ የት ይገኛል? ለሚያዝያ 23 መድረስ አለበት።

ሜክሲኮ አደባባይ (2፡22)

የምን ሞዴል ነው? ስፋቱ ስንት ነው? ጡቡ ተሰነጠቀ ወይስ ሳይሰበር ተላቀቀ? ከሥሩ የአምራቹ ስም አለ? ይህን ሳትነግረን ምን ብለን እንመልስልህ?

የካዛንቺስ እናት (2፡26)

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ክፍያውን አስብ። እኔ ለልጆቼ መጽሐፍ ላዝዝ ብዬ የባንክ ካርዴ ውጭ አገር አልሠራም አለኝ፤ ለካ ለውጭ ክፍያ የሚሆነው ካርድ ሌላ ኖሯል። እሱን ለማውጣት ቅርንጫፉ ድረስ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዕቃው በፖስታ ቢመጣ ደግሞ የጉምሩኩ ወረፋ አለ። ነገ ጠዋት ባንክ ሄደህ ጠይቅ።

ዶሮ ማነቂያ (2፡31)

እናመሰግናለን እትዬ። የሚከፍለው አጎቴ ነው፤ ዕቃውም የሚላከው እዚያው ጀርመን ወደሚገኘው ቤቱ ነው። ይህን መጻፍ ረስቼ ነው። ሞዴሉ የፒያሳው ጊዮርጊስ ነው። ስምንቱም ግድግዳዎች ባለ 12 ጉብታ ናቸው፤ ቁመቱ 20 ረድፍ እንዲሆን ነው ያሰብኩት። ጡቦቹ አልተሰበሩም፤ ተላቀቁ እንጂ። አንዳንዶቹ ከሥራቸው ሌጎ የሚል አላቸው፣ አንዳንዶቹ ምንም የላቸውም።

የራስ መኮንን ድልድይ (2፡40)

ልጄ፣ «ጊዮርጊስ» ብለህ ብቻ አትለፈው። የምትሠራው መናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልን ነው። ታቦቱ ዐድዋ የዘመተ፣ ሕንፃውም የዚያ ድል መታሰቢያ ሆኖ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የደፉት እዚያ ነው፤ በ1937 ፋሺስቶች አቃጠሉት፤ ከነጻነት በኋላ ታደሰ። ስምንት ማዕዘን መሆኑንም አትርሳ፤ አራት ማዕዘን አድርጎ የሠራ ሰው አይቼ አዝኜ አውቃለሁ። ደግሞ ድንጋዩን ቀርበህ ተመልከተው። አንድ ዓይነት ግራጫ አይደለም። ነገ በማለዳ ቅዳሴ ሲወጣ ሄደህ ከግቢው በር ላይ ቆመህ እየው፤ ፀሐይ ሲነካው የሚገረጣ አለ፣ የሚጠቁር አለ። ሁለቱን ግራጫ ምን አስጠላህ?

ሙጫ (2፡44)

ሱፐር ግሉ። አንድ ጠብታ በየማዕዘኑ፤ አለቀ።

ለገሃር (2፡49)

አጎትህ ቦሌ ሲደርሱ «ሻንጣው ውስጥ ምን አለ?» ሲባሉ «ጊዮርጊስ» እንዳይሉ አደራ፤ ፈታሹ ተሳልሞ ያሳልፋቸው ይሆናል! ይልቅ ስለ ክብደቱ አትጨነቅ። ባለ 2 በ 4 ጡብ 2.3 ግራም ያህል ነው፤ 400 ቢሆን እንኳ ኪሎ አይሞላም። ካርቶኑን ይጣሉና በላስቲክ ከረጢት ያድርጉት፤ የግዢ ደረሰኙን ግን አትመው ከጎኑ ያስቀምጡ።

ጉብታ ቆጣሪ (2፡58)

ወደ ግዢው እንግባ። በኪሎ መግዛት ለልጅ መጫወቻ ይሆናል፤ ለታቀደ ሞዴል ግን ገንዘብ መበተን ነው፤ የምትፈልገው ከውስጡ ጥቂቱ ብቻ ነውና። ብሪክሊንክ ግባ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ የኢንተርኔት ገበያ ነው፤ በ2019 ሌጎ ራሱ ገዝቶታል። ውስጡ እንደ መርካቶ ነው፤ እያንዳንዱ ሱቅ የየራሱ ነው፤ ዋጋውን፣ ትንሹን የግዢ መጠንና የመላኪያውን ሒሳብ የሚወስነው ባለሱቁ ነው። ከአምስት ሱቅ አምስት ርካሽ ነገር ብትለቅም አምስት ጊዜ መላኪያ ትከፍላለህ፤ 70 ዩሮህ በፖስታ ያልቃል። ስለዚህ ዝርዝርህን መዝግብ፣ ጀርመን ያሉትን ብቻ ለይ፣ ከዝርዝሩ አብዛኛውን ከያዘ አንድ ሱቅ ግዛ፤ አንዱ ጡብ ላይ ጥቂት ሳንቲም ቢወደድም።

ለቸኮለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሱቆች ትእዛዙን ከተቀበሉ በኋላ ሒሳቡን አስልተው እስኪልኩልህ ትጠብቃለህ፤ አንድ ቀን እዚያ ላይ ይሄዳል። ወዲያው መክፈል የሚያስችለውን ሱቅ ምረጥ። ከመክፈልህ በፊትም «ነገ ጠዋት ትልካለህ?» ብለህ ጻፍለት።

በስም አትፈልግ፤ በቁጥር ፈልግ። ጡቡን ገልብጠህ በብርሃን አየው፤ ከሥሩ ቁጥር ተቀርጾበታል። ባለ 1 በ 2 3004 ነው፣ ባለ 1 በ 4 3010፣ ባለ 1 በ 6 3009፣ ባለ 1 በ 8 3008።

ሜክሲኮ አደባባይ (3፡05)

የግራጫውን ጉዳይ እኔ ልመልስ። ሌጎ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 ባለው ጊዜ ግራጫውን ቀይሯል። የድሮው ወደ ቢጫ ያደላል፤ አዲሱ ወደ ሰማያዊ። ብሪክሊንክ ላይ የድሮው «ላይት ግሬይ» ነው፣ አዲሱ «ላይት ብሉዊሽ ግሬይ»። ሁለተኛውን ቃል ሳያይ ያዘዘ ሰው የተጣፈ ግድግዳ ይደርሰዋል። ያንተ ሻጭ ደባልቆልሃል። አዲሱን እዘዝ፤ የሚበዛውም የሚረክሰውም እሱ ነው።

ሙጫ (3፡08)

ማንም አልመለሰልኝም። ሱፐር ግሉ እያለ ጀርመን ድረስ ምን አስኬደው?

የካዛንቺስ እናት (3፡11)

ልጂቱ ነገ አፍርሳ ሌላ ልትሠራበት ነው እኮ። የተጣበቀ ጡብ ምን ይሆናታል?

አራት ኪሎ (3፡20)

ወንድሜ፣ ጡቡን አትውቀስ፤ 600 ጡብም አያስፈልግህም። «ስምንቱም ባለ 12» ያልከውን አንብቤ ወረቀት ላይ አሰላሁት።

ስምንት ማዕዘን ስትሠራ አራቱ ግድግዳዎች የመሠረት ሰሌዳውን ጉብታዎች ተከትለው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። አራቱ ግን በ45 ዲግሪ ይሰየፋሉ። ሰያፉ ግድግዳ ሰሌዳው ላይ ወደ ጎንም ወደ ፊትም የሚወስደው ቦታ ርዝመቱ ለ1.414 ተካፍሎ ነው። 12 ሲካፈል 8.49 ይሆናል። ሰሌዳው ላይ ስምንተኛ ጉብታ አለ፣ ዘጠነኛ ጉብታ አለ፤ በመሐል የለም። ከጉብታ ጉብታ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንተ በየማዕዘኑ ወደ 4 ሚሊ ሜትር አስገድደህ ጎትተሃል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ችለውታል። ረድፍ በተጨመረ ቁጥር ግን ግፊቱ ይደመራል፤ በአሥራ አንደኛው ላይ የጫንከው ጣትህ አስለቀቀው። የዴንማርኩን የሌጎ ጡብ ብቻ ብትጠቀምም ይህ አይቀርልህም።

14 አድርገው። 14 ሲካፈል 9.9 ነው፤ ከ10 የሚለየው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ያን ያህሉን ጡብ ይችላል። ጠቅላላ ስፋቱ 14 ሲደመር 10 ሲደመር 10፣ 34 ጉብታ ይሆናል፤ 27.2 ሴንቲ ሜትር። ባለ 32 ሰሌዳ ስለማይበቃው ባለ 48 ፈልግ።

ማዕዘኖቹን ምን አድርገህ ነው ያያያዝካቸው?

ዶሮ ማነቂያ (3፡27)

በምንም። ጫፎቹን አጠጋግቼ ከላይ በስስ ጡብ ነው ያሰርኳቸው። አሁን በማስመሪያ ለካሁ፤ እንዳልከው አንዱ ማዕዘን ላይ ክፍተቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሰባት ወር ሙሉ ዓይኔ ሥር ነበር።

አራት ኪሎ (3፡36)

እንግዲያው ማጠፊያ ያስፈልግሃል። ሁለት አጫጭር ጡቦች በአንድ ዘንግ ላይ የሚዞሩበት አለ፤ ቁጥሩ 3830 እና 3831 ነው፤ አንዱ የላይኛው፣ አንዱ የታችኛው ክፍል ስለሆነ ሁለቱንም እኩል እዘዝ። በየአራት ረድፉ አንድ ካደረግህ ለስምንት ማዕዘንና ለ20 ረድፍ 40 ጥንድ ይበቃል።

ሰያፎቹን ግድግዳዎች ሰሌዳው ላይ ለመትከል አትታገል፤ ጉብታው በ45 ዲግሪ አይገጥምላቸውም። ከሥራቸው ጉብታ የሌለው ለስላሳ ጡብ አንጥፍና በላዩ ይቀመጡ፤ የሚይዛቸው ማጠፊያው ይሁን። ቀጥ ያሉት ደግሞ ከፍታቸው እንዲስተካከል ከሥራቸው አንድ ስስ ጡብ ይግባላቸው፤ ሁለቱም 3.2 ሚሊ ሜትር ናቸው። ማጠፊያው ራሱ ማዕዘኑን ትንሽ ስለሚገፋ ሙሉውን ከመሥራትህ በፊት በሁለት ረድፍ ሞክረው።

ጉብታ ቆጣሪ (3፡44)

14 ከሆነ ደግሞ ባለ 1 በ 2 ተወው። አንዱን ረድፍ 8 እና 6፣ ቀጣዩን 6 እና 8 እያደረግህ ብትደረድር መጋጠሚያው አይደራረብም፤ ግድግዳው ይተሳሰራል። በአንድ ረድፍ 56 ትንንሽ ጡብ የሚፈጀው በ16 ረጃጅም ያልቃል። 20 ረድፍ 320 ጡብ ነው፤ በርና መስኮት ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። የድንጋዩ መልክ እንዳይቀርብህ 98283 የሚባለውን፣ ፊቱ ላይ የግንብ መስመር የተቀረጸበትን ባለ 1 በ 2፣ 30 ያህል ጨምርና እዚህም እዚያም ሰካካው።

ከበላይ ያሉትን አባታችንንም ስማቸው። የድሮውን ግራጫ ለይተህ የታችኞቹን ሦስት ረድፎች በሱ ሥራ፤ እንደ መሠረት ድንጋይ ይታያል፤ የምትገዛውም ይቀንስልሃል። ስም የሌላቸው ጡቦች ከሌጎ ጋር ካልጠበቁ ከውስጥ በኩል ድጋፍ ይሁኑ። ጡቡን በቅርጹ የመሥራት መብት የሌጎ ብቻ አይደለም፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 ቅርጹን የንግድ ምልክት ማድረግ አይቻልም ብሏል። ስለዚህ ተመሳሳዩን መግዛት ነውር የለውም፤ ጥብቀቱ ግን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ አንዱን ግድግዳ በአንድ ዓይነት ጨርስ።

ዶሮ ማነቂያ (4፡30)

ልጄ ነቅታ አጠገቤ ተቀምጣለች። ካሉን ጡቦች አንድ ቀጥ ያለና አንድ ሰያፍ ግድግዳ ባለ 14 አድርገን በወረቀት ላይ አስቀመጥን፤ ጫፉ አሥረኛው መስመር ላይ ዐረፈ። ሳልጫነው ዐረፈ። እሷ ናት ጣቷን ክፍተቱ ውስጥ ለማስገባት ሞክራ «አባዬ፣ አይገባም» ያለችኝ።

አጎቴ ስልክ ላይ ነው። አንድ የጀርመን ሱቅ 3008፣ 3009ና ማጠፊያው አለው፤ ወዲያውም ያስከፍላል። ባለ 48 ሰሌዳ ግን የለውም። ከሌላ ሱቅ ልጨምር ወይስ ሁለት ባለ 32 ላያይዝ?

አባባ፣ ነገ በማለዳ ሄጄ አያለሁ። ይህን ሁሉ የምሠራው ለእናቴ ነው። አርባ ዓመት በመስኮቷ ጊዮርጊስን እያየች ኖራ ቤታችን ከፒያሳ ተነሣ። አሁን ያለችበት ሦስተኛ ፎቅ ከመስኮቱ ሌላ ሕንፃ ነው የሚታየው። ሚያዝያ 23 ዝክሯን ስታወጣ ጠረጴዛው ላይ እንድታገኘው ነው።

የራስ መኮንን ድልድይ (4፡38)

እግዚአብሔር ያሳካልህ። የደወሉን ቤት እንዳትረሳ።

ሜክሲኮ አደባባይ (4፡41)

ሰሌዳውን ተወው፤ ሌላ መላኪያ አትክፈል። አራት ኪሎ አካባቢ ካለ አናጢ 40 በ 40 ሴንቲ ሜትር ኮምፔንሳቶ አስቆርጥ። ያለህን ባለ 32 ሰሌዳ መሐሉ ላይ አጣብቅ፤ ከሱ የሚተርፈው በየጎኑ አንድ ጉብታ ብቻ ስለሆነ ዙሪያውን በስስ ጡብ ታሰፋዋለህ።

ሙጫ (4፡43)

ኮምፔንሳቶው ላይ እንኳ ሙጫ ይፈቀድልኝ።

አራት ኪሎ (4፡45)

እዚያ ላይ ይፈቀዳል።

የካዛንቺስ እናት (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡10)

ያገለገሉትን ጡቦች እጠባቸው፤ አቧራና ቅባት ይዘው ይሆናል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ከ40 ዲግሪ አይብለጥ፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አታስገባ። በፎጣ ላይ ዘርግተህ ጥላ ሥር አድርቃቸው፤ ፀሐይ ላይ ከቆዩ ቀለማቸው ወደ ቢጫ ይሄዳል።

ለገሃር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05)

አጎትህ ገቡ? ፈታሹስ ተሳለመ?

ጉብታ ቆጣሪ (ግንቦት 2)

ዶሮ ማነቂያ፣ ማጠፊያው ሃያውን ረድፍ ቻለልህ? እኔም አንድ ስምንት ማዕዘን ልጀምር ነውና በየአራት ረድፉ ይበቃ እንደሆነ ንገረኝ።