ኤስኤቲ 19 ቀን ቀረው፤ ባጠናሁ ቁጥር ውጤቴ ወረደ

ጠያቂዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለኤስኤቲ፣ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተና፣ እየተዘጋጀሁ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ፈተናው በሚሰጥበት መተግበሪያ፣ በብሉቡክ፣ የሠራሁት የመለማመጃ ፈተና 1180 ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከአራት ሰዓት ያላነሰ አጥንቻለሁ። ትናንት ሁለተኛውን ስሠራ 1150 መጣ! ፈተናው 19 ቀን ነው የቀረው። ዛሬ መጽሐፉን መክፈት እንኳ አቃተኝ። መጽሐፍ ልቀይር?

የፊዚክስ መምህሩ፦ ልጄ፣ ለእንዲህ ያለ ፈተና የሚዘጋጁት በሳምንታት አይደለም። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ የመርሳትን ነገር በራሱ ላይ ፈትኖ ያሳተመው በ1885 ነው። የተማርነው ነገር ካልተመለስንበት አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠፋል። ስለዚህ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ማንበብ፣ በየሳምንቱ መከለስ ያስፈልግ ነበር። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምመክረው ይህንን ነው።

ማለዳ፦ በየቀኑ አንድ ሙሉ ፈተና ሥሪ። እኔ የረዳኝ እሱ ብቻ ነው።

ጠያቂዋ፦ መምህር፣ የሚሉት እውነት ነው፤ እኔ ግን ወደ ዘጠነኛ ክፍል መመለስ አልችልም። ያለኝ 19 ቀን ነው።

ቁጥር ወዳድ፦ እኔ ደግሞ «ውጤቴ ወረደ» በሚለው አልስማማም። ከ400 እስከ 1600 በሚሰጥ ነጥብ ውስጥ 30 ማለት የጥቂት ጥያቄዎች ልዩነት ነው። በእውነተኛው ፈተና የውጤት መግለጫ ላይ እንኳ ከነጥቡ ጎን ክልል ይቀመጣል፤ ያው ተማሪ በሌላ ቀን ቢፈተን ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላላ። ይልቅ ያልነገርሽንን ንገሪን። የወረደው በየትኛው ክፍል ነው? ሁለቱን ፈተናዎችስ በስንት ሰዓት ሠራሻቸው?

ጠያቂዋ፦ ሒሳቡ በ10 ጨምሯል፤ ንባብና ጽሑፉ በ40 ቀንሷል። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጠዋት ሠራሁት። ሁለተኛውን ቀኑን ሙሉ ሳጠና ውዬ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ስጨርስ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር።

ቁጥር ወዳድ፦ እንግዲያው የመልሱ ግማሽ ተገኘ። ፈተናው 98 ጥያቄ፣ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። በንባቡ ክፍል ለአንድ ጥያቄ የሚደርስሽ 71 ሰከንድ ገደማ ነው። በደከመ ዓይን አንድን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ካነበብሽው ጊዜው አለቀ ማለት ነው። የትናንቱ ነጥብ የለካው ድካምሽን ነው።

ማለዳ፦ አሁንም የምለው ያንኑ ነው። በየቀኑ አንድ ፈተና። ሰውነት ይለምደዋል።

ሁለቴ ተፈታኝ፦ ማለዳ፣ በዚህ አልተባበርህም። በብሉቡክ ያሉት ሙሉ ፈተናዎች የተቆጠሩ ናቸው፤ በየቀኑ ከሠራቻቸው ከፈተናው በፊት ያልቁባታል። ያልታረመ ስሕተት ደግሞ በማግስቱ እንዳለ ይመለሳል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ፈተና በፈተና ላይ ስደራርብ ከረምኩና ምንም ሳልጨምር ቀረሁ። እህቴ፣ የምታጠኚው እንዴት ነው? ምን እንደምታጠኚ አይደለም የምጠይቅሽ።

ጠያቂዋ፦ መጽሐፉን አነባለሁ፤ ዋና ዋናውን በቀለም አሰምራለሁ። ያቃተኝን ጥያቄ አፈታቱን በቪዲዮ አያለሁ። ሳየው ሁሉም ይገባኛል።

ሁለቴ ተፈታኝ፦ ችግሩ እሱ ነው፤ «ሳየው ይገባኛል» የሚለው። ሌላ ሰው ሲፈታ ማየት ቀላል ነው። መጽሐፍ አትቀይሪ፤ አንድ ደብተር ያዢ። ከሁለቱም ፈተናዎች የሳትሻቸውን በሙሉ ጻፊና ከእያንዳንዱ ጎን ምክንያቱን አስፍሪ፦ አላወቅሁትም፣ አንብቤ ተሳሳትኩ፣ ጊዜ አለቀብኝ። ምሳሌ ልስጥሽ። «የአንድ ቁጥር 3 እጥፍ ላይ 6 ሲደመር 21 ይሆናል። ቁጥሩ ላይ 2 ቢደመር ስንት ነው?» እኔ ቁጥሩ 5 መሆኑን አገኘሁና ምርጫዎቹ ውስጥ 5ን ሳይ ደስ ብሎኝ አጠቆርኩት። የተጠየቀው ግን 7 ነበር። ለዚህ አልጀብራ መከለስ ምን ይጠቅማል? መድኃኒቱ የጥያቄውን የመጨረሻ መስመር ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው። በደብተሬ ውስጥ እንዲህ ያሉት ካላወቅኋቸው ይበልጡ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ መልሱን ሸፍነሽ እንደገና ሥሪያቸው። ድጋሚ ከሳትሽ እዚያው ይቆያሉ፤ ካገኘሽ ሰርዢያቸው።

የፊዚክስ መምህሩ፦ ይህን ምክር እደግፋለሁ። ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡና አንብበው ከጨረሱ በኋላ ከአእምሯቸው አውጥተው የጻፉ ተማሪዎች ተነጻጽረዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በልጠው ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት 42 በመቶ፣ የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ቀለም ማስመሩን ተዪና መጽሐፉን ዘግተሽ ጻፊ፣ ልጄ።

ጠያቂዋ፦ አሁን ቆጠርኩ። ከትናንቱ የንባብ ስሕተቶች ውስጥ ዘጠኙ ዛሬ ጠዋት እንደገና ሳያቸው ወዲያው መለስኳቸው። አራት ባዶ የተውኳቸውም አሉ።

ታላቅ እህት፦ ባዶ?! ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ አንድም ጥያቄ ባዶ እንዳትተዪ። እያንዳንዱ ክፍል ሞጁል በሚባሉ ሁለት ክፍልፋዮች የተከፈለ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሞጁል ተረጋግተሽ ሥሪው፤ የሁለተኛው ሞጁል ጥያቄዎች ምን ያህል ከባድ እንደሚሆኑ የሚወሰነው በእሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ እንቅልፍ እንጂ ጥናት የለም። ፈተናው ጠዋት ነው።

ሁለቴ ተፈታኝ፦ ቀጣዩን ሙሉ ፈተና ቅዳሜ ጠዋት፣ ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጠሽ፣ በ10 ደቂቃው ዕረፍት ብቻ ተነሥተሽ ሥሪ። እሑድን ሙሉውን ለእርማት አውይው። ከዚያ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሉ ፈተና አትንኪ።

ማለዳ፦ ሒሳቡን በዴስሞስ፣ ግራፍ በሚሠራው የሒሳብ ማሽን፣ ትሠራለች? መተግበሪያው ውስጥ ስላለ ልትለማመደው ይገባል።

ታላቅ እህት፦ እውነት ነው። አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ፦ ከፈተናው ቀን ከ1 እስከ 5 ቀን ቀደም ብለሽ ብሉቡክን ከፍተሽ መተግበሪያውን ለፈተናው የማሰናዳቱን ሥራ ጨርሺ፤ የመግቢያ ወረቀቱ የሚወጣው ያኔ ነው። ኮምፒውተሩን ሞልተሽ፣ ቻርጀሩንም ይዘሽ ሂጂ።

ቁጥር ወዳድ፦ የቅዳሜውን ውጤት በየክፍሉ ከፍለሽ ጻፊልን፤ የጀመርሽበትንም ሰዓት ጨምሪበት።