ቅዳሴው ወደ አማርኛ ሲያደላ፦ ከቅብጥ ምን እንማራለን?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት፣ ጎንደር)፦ በአጥቢያችን የእሑዱ ቅዳሴ ከግእዙ ይልቅ ወደ አማርኛው እያደላ መጥቷል፤ ልጆቼ ምሥጢሩን መከታተላቸው ደስ ቢለኝም፣ ዲያቆኑ በግእዝ «ተንሥኡ ለጸሎት» (ለጸሎት ተነሡ) ሲል ዐንገታቸውን አዙረው እኔን ማየታቸው ያሳስበኛል። ግብፃውያን ክርስቲያኖች (ቅብጦች) በዐረብኛ እየተነጋገሩ ቅብጥኛን፣ የጥንት ቋንቋቸውን፣ በመቅደስ እንዴት አቆዩት?

መልስ (የአቋቋም፣ ማለትም የማሕሌት ሥርዐት፣ ደቀ መዝሙር)፦ እኅቴ፣ ቅብጥኛ ከቤትና ከገበያ ቢጠፋም ከመቅደስ አልወጣም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓትርያርክ ገብርኤል 2ኛ ዐረብኛ ለንባብ እንዲውል ቢፈቅዱም፣ ዜማው ቦሐይርኛ በተባለው የቅብጥኛ ዘዬ ቀጥሏል፤ ዛሬም የቅዳሴ መጻሕፍታቸው ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ያትማሉ። ዜማውን በቃል ይዘው ለትውልድ ካሻገሩት መካከል ብዙዎቹ ዓይነ ስውራን መዘምራን ነበሩ። በነገራችን ላይ፣ እኛ «ኪርያላይሶን» (አቤቱ ማረን) የምንለው ግሪክኛ ነው፤ ባዕድ ነው ብሎ የተወው ግን የለም።

መልስ (ጡረተኛ መምህር፣ አዘዞ)፦ ንጽጽሩ መልካም ቢሆንም ልዩነቱ አይዘንጋ። ለእኛ ግእዝ የቅዳሴ ብቻ ሳይሆን የቅኔም ቋንቋ ነው፤ ተማሪው በየጊዜው አዲስ ቅኔ ይቈጥርበታል። የጎንደሯ በዓታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ማስመስከሪያ ሆና የቆየችውም ደቀ መዝሙሩ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ነው። ስለዚህ ንባቡና ስብከቱ በአማርኛ ይሁን፤ ተሰጥኦው (ሕዝቡ በቅዳሴ የሚመልሰው) ግን በግእዝ ይቆይ ባይ ነኝ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ከልጆቼ ጋር የግእዙን ተሰጥኦ «እግዚኦ ተሣሃለነ» (አቤቱ ይቅር በለን) በማለት እንጀምራለን።