ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ የሴፍቲኔት ሠልጣኞች የሂሳብ አያያዝን እንዴት ታስተምራላችሁ?

ጠያቂ (አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም (ችግረኛ የከተማ ነዋሪዎች እንደ ጽዳት ያለ ሥራ ሠርተው የሚከፈላቸው የመንግሥት ድጋፍ) የታቀፉ ሴቶች የራሳቸውን ሥራ የሚጀምሩበትን የኑሮ ማሻሻያ ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት የሚወስዱትን የንግድ ክህሎት ሥልጠና እሰጣለሁ። አብዛኞቹ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው፤ ጎህ ሲቀድ ጀምረው መንገድ ሲጠርጉ ቆይተው በቀጥታ ወደ አዳራሹ ስለሚመጡ፣ ረፋዱ ላይ እንቅልፍ ያሸንፋቸዋል። ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ የገቢና ወጪ መዝገብ ነው። ማኑዋሉ ሠንጠረዥ መሙላትን ይጠይቃል፤ ባለፈው ሳምንት እስክሪብቶ ሳድል አንዲት እናት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። ከዚያ ወዲህ በዚያው መንገድ መቀጠል ከብዶኛል። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

መላሽ 1 (የቀድሞ የወረዳ ባለሙያ)፦
ውድ ጠያቂ፣ ሠንጠረዡን ለጊዜው ያቆዩት። ሴቶቹ ሂሳብ አያጡም፤ የዕቁቡን ዙርና የእያንዳንዱን አባል ዕዳ በቃላቸው የሚይዙ ናቸው። እኔ እንጀራ ጋግራ ለመሸጥ ያሰበችን ሠልጣኝ ወጪዋን በቃል እንድትዘረዝር ጠይቄ ነበር። ጤፉን፣ የወፍጮውንና የትራንስፖርቱን ሳትሳሳት ደመረች፤ የመብራቱን፣ ልጆቿ የሚበሉትን እንጀራና የራሷን ድካም ግን አላነሳችም። አንድ ባቄላ አሥር ብር ነው ተባብለን ወጪውን በአንድ ሳህን፣ ሽያጩን በሌላ ሳህን ስንቆጥር፣ የቤቱ እንጀራ ከትርፏ እንደሚነሣ ያወቀችው ራሷ ናት፤ እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

መላሽ 2 (አሠልጣኝ፣ ሐዋሳ)፦
በባቄላው እስማማለሁ፤ እስክሪብቶውን ጨርሶ በመተው ግን አልስማማም። ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ከተጀመረ ወዲህ ተጠቃሚዎቹ ከሚከፈላቸው 20 በመቶውን ይቆጥባሉ፤ የቁጠባ ደብተሩም የራሳቸው ነው። በውስጡ የተጻፈውን ቁጥር የማትለይ ሴት ገንዘቧን የምታውቀው ሰው በነገራት ልክ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከባቄላው ቀጥሎ ያንኑ ደብተር አስከፍቼ ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች ብቻ አስተምራለሁ፤ ፊደል አልነካም። ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ የጽዳት ሥራ በሌለባቸው ቀናት እንዲሆን ወረዳውን ይጠይቁ፤ ሕፃናቱም የሚቀመጡበት ምንጣፍ በአዳራሹ ጥግ ይነጠፍ፤ ልጇን አዝላ የቆመች እናት ባቄላ መቁጠር አትችልም።