ጥር 11 የማን ቀን ነው?

አስተባባሪ፦ ቤተሰብ፣ ከተራ ደረሰ፣ እኛ ገና አልተስማማንም። ጎንደር ፒያሳ የምናቆመው «ይህ ቀን በሙዚቃ ታሪክ» የሚል ሰሌዳ ላይ ለጥምቀት ምን ይጻፍ? ዲጄው ያመጣቸው የአሜሪካ ዘፋኞች እነሆ። ጃኒስ ጆፕሊን በ1943፣ ዶሊ ፓርተን በ1946 ተወለዱ። ካርል ፐርኪንስ በ1998፣ ዊልሰን ፒኬት በ2006 አረፉ። ሁሉም ጃንዋሪ 19፣ ዓመቱም በፈረንጅ። ይለጠፍ ወይስ ይቅር?

የአዘዞው፦ ይቅር! ሰው ነጭ ለብሶ ታቦት ሊያጅብ ሲወጣ የአሜሪካ ልደት ያነባል እንዴ? ይርጋ ዱባለን ያበቀለች ከተማ ዘፋኝ ቸግሯት ነው?

ዲጄው፦ ኧረ ቀስ በል ወንድሜ። ዊትኒ ሂውስተን በፈረንጅ 1992 ዓለሙን ያስለቀሰችበትን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» የጻፈችው ዶሊ ናት፤ በ1974 ራሷ አውጥታዋለች። እሱን ሳይሰማ ያደገ የጎንደር ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። የፐርኪንስን የጫማ ዘፈን፣ «ብሉ ስዌድ ሹዝ»ን፣ ደግሞ ኤልቪስም ተጫወተው። ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ያልነው ከሰማይ ወርዶልን ነው? ሙዚቃ ኬላ የለውም።

የአዘዞው፦ ኬላ የለውም ስትል ሁሌ ወደዚህ ነው የሚገባው። ከዚህ ሲወጣ አላየሁም።

መምህሩ፦ ይቅርታ፣ ነገሩን ወደ ባሕረ ሐሳብ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ልውሰደው። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። አራቱም ቀኖች በእኛም ጥር 11 ናቸው። ጆፕሊን የተወለደችው ጥር 11 ቀን 1935 ዓ.ም. ነው፣ የጥምቀት ልጅ ናት! ችግሩ በየአራት ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ሲመጣ ነው። ያኔ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. አይተነዋል። በፈረንጁ ከሄድን የጆፕሊን ልደት ከተራ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሰው ከመምረጣችን በፊት በማን አቆጣጠር እንደምንሄድ እንወስን።

የአራዳዋ፦ መምህር፣ የእኛ ሰው መቼ በቁጥር ያስታውሳል? ጥላሁን ገሠሠን እዩት። መስከረም 17 ቀን 1933 ተወለደ፣ መስቀል ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 አረፈ፣ ፋሲካ ነበር። እናቴን ሚያዝያ 11 ምንድን ነው ብትሏት ግራ ይገባታል። «ጥላሁን መቼ ሞተ?» በሏት፣ «በፋሲካ» ትላችኋለች። ፋሲካ ደግሞ ይዞራል። ሰሌዳችሁ እሱን የት ያስገባዋል?

ዲጄው፦ እሺ ተቀበልኩ። ግን የጥር 11 የእኛ ሰው ስጡኝና ዶሊን አሁኑኑ አወርዳታለሁ።

አስተባባሪ፦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም አላችሁ እኮ። ቡና ላይ ናችሁ?

የአራዳዋ፦ ዝም ያልነው ሰው ጠፍቶ መሰላችሁ? የጻፈ ጠፍቶ ነው። አምና በጥምቀት ከፋሲል መዋኛ አጥር ውጭ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ አጠገቤ ቆመው ነበር። ጎረምሶች ጠበሉን በላስቲክ ረጩትና መሲንቋቸው ራሰ። ጭራው ላላ፤ ሲነኩት እንደ ድመት ጮኸ። እሳቸው ምንም አልተናገሩም። በጋቢያቸው ጫፍ ጭራውን ቀስ አድርገው ጠረጉት። ከኪሳቸው ሙጫ አውጥተው ደጋኑን አሹ። እስኪደርቅ ስናወጋ ዕድሜያቸውን ጠየቅኋቸው። «ዓመቱን አላውቅ። እናቴ የወለደችኝ ለጥምቀት ጠላ ስትጠነስስ ነው። ጋኑ ሳይከደን ደረስኩ» አሉኝ።

ዲጄው፦ ስማቸውስ?

የአራዳዋ፦ አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። እኔም ከማይጽፉት አንዷ ነኝ ማለት ነው።

መምህሩ፦ ለጥምቀት ከተጠነሰሰ እኮ ጥር መግቢያ ላይ ነው። ከዶሊ ብዙ አይርቁም።

አስተባባሪ፦ በቃ፣ ጠዋት የምለጥፈው ይህ ነው። በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ፤ የተቃወመ አሁን ይናገር። «ጥር 11። ጃኒስ ጆፕሊን ተወለደች፣ 1935። ዶሊ ፓርተን ተወለደች፣ 1938። ካርል ፐርኪንስ አረፈ፣ 1990። ዊልሰን ፒኬት አረፈ፣ 1998። አንድ የጎንደር አዝማሪ ተወለዱ፣ ጠላ ሲጠነሰስ።»

የአዘዞው፦ አዝማሪውን ከላይ አድርጋቸው። ዶሊም ትግባ፣ ግድ የለም።