እህቴ ክላሲካል ፒያኒስት መሆን ትፈልጋለች፣ 15 ዓመት ረፍዷል ወይ?

የደሴው ወንድም፦
ሰላም ያ ጀማዓ እንዴት ናችሁ። ታናሽ እህቴ 15 ዓመቷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አጎታችን ከጂዳ ሲመጣ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ይዞላት መጣ፣ እኛ መጫወቻ ነው ብለን ስንተዋት እሷ ከዩቱብ እያየች ኖታ ማንበብ ቻለች። አሁን የቤትሆቨንን ሙንላይት ሶናታ የመጀመሪያውን ክፍል ትጫወታለች፣ ግን ገና ሁለተኛው የኖታ ባር ላይ ግራ እጇ ወደ ታች ሲወርድ ኪቦርዱ ያልቅባታል። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው፣ ጣውላ አስጠግታ የጎደሉትን 27 ቁልፎች በጠመኔ ስላቸዋለች፣ በግራ 15 በቀኝ 12። እዛ ስትደርስ ጣውላውን ትመታና ድምፁን በአፏ ታወጣዋለች። መብራት ሲጠፋም አታቆምም፣ ጨለማ ውስጥ ቁልፉ ኳ ኳ ሲል እየሰማሁ ነው የምተኛው ወላሂ።
እናታችን ነርስ ሁኚ ትላታለች። እኔ ምን ልበል? ረፍዷል ወይ? ኑሮውስ እንጀራ ይሆናል?

የኮምቦልቻ አስተማሪ፦
አብሽር ወንድሜ አልረፈደም። ግርማ ይፍራሸዋን ስማ፣ ልጅ ሆኖ ክራር ነበር የሚጫወተው፣ ፒያኖ የጀመረው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ በ16 ዓመቱ ነው፣ ከዛ ቡልጋሪያ ሶፊያ ሄዶ ተማረና ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ መድረክ ላይ ሾፓንም የራሱንም ድርሰት የሚጫወት ሰው ሆነ። የሶቪየቱ ፒያኒስት ሪክተርም ሞስኮ ኮንሰርቫቶር (የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው) የገባው በ22 ዓመቱ ነው፣ እስከዛ ባብዛኛው ራሱን ነው ያስተማረው፣ አባቱ ሙዚቀኛ መሆኑ ግን ረድቶታል።
ከእድሜዋ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ኪቦርዱ ነው። ፒያኖ ውስጥ ቁልፉን ስትነካ መዶሻ ተነስቶ ክሩን ይመታል፣ ስለዚህ ክብደት አለው፣ ጣት የሚጠነክረውም ቀስ ማለትና ጮክ ማለት የሚለየውም በዛ ክብደት ነው። በቀላል ቁልፍ የለመደ ልጅ ለፈተና እውነተኛ ፒያኖ ፊት ሲያስቀምጡት ጣቱ አይታዘዘውም፣ ይሄን በተማሪዎቼ አይቻለሁ። ባለ 88 ቁልፍ፣ ዌይትድ የሚሉትን ዲጂታል ፒያኖ ፈልጉላት፣ ፔዳሉንም አትርሱ፣ ሙንላይት ያለ ፔዳል አይሆንም። ስትገዛ ግን ራስህ ነክተህ ግዛ፣ እኔን አንድ ሱቅ ዌይትድ ነው ብሎ ቀላሉን ሸጦልኛል። ኖታውን አይኤምኤስኤልፒ የሚባል ዌብሳይት ላይ የባኽንም የቤትሆቨንንም በነፃ ታገኛለች።

የአምባሰል ልጅ፦
እመሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እንዴት ይረሳሉ! ፒያኖና ወሎ ሲባል እኮ እሳቸው ናቸው። በፈረንጆቹ 1923 አዲስ አበባ ተወልደው በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተላኩ፣ በኋላ ካይሮ ላይ ቫዮሊንና ፒያኖ በቀን 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ለንደን ሊማሩ የነበረው እድል ሳይሳካ ሲቀር ሁሉን ትተው የመጡት እኛ ጋ ግሸን ማርያም ነው። የግሸንን ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ እሳቸው እዛ አምባ ላይ በባዶ እግራቸው 10 ዓመት ገደማ ኖሩ። ከዛ ወርደው ነው ወደ ፒያኖው የተመለሱት፣ የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1960ዎቹ ጀርመን ታተመ፣ ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ ሆነው በ99 ዓመታቸው 2023 ላይ አረፉ። መዝሙሩም ትዝታውም ሾፓኑም አንድ ላይ ነው እጃቸው ላይ ያለው። ለእናትህ አሰማት።
ለእህትህ ደግሞ፣ የአምባሰልን ቅኝት በፒያኖ ትሞክረው፣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ከክራሩ ድምፅ ትንሽ ይለያል፣ ፒያኖ ለሁሉም ስኬል እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚቃኘው፣ ግን ጆሮዋ ወዲያው ያውቀዋል። ግርማም አምባሰል የሚል የፒያኖ ድርሰት አለው።

እጄን ያመመኝ፦
እኔ ስለ ኑሮው ልንገርህ፣ እንዳትሸወዱ ብዬ ነው። ኮንሰርት ፒያኒስት ማለት ከአንድ ሰዓት በላይ ሙዚቃ በቃሉ ይዞ ብቻውን መድረክ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው፣ ለዛች ምሽት ወራት በር ዘግቶ ይለማመዳል። ስም የሚወጣው ባብዛኛው በውድድር ነው፣ ዋርሶ የሚደረገው የሾፓን ውድድር በ5 ዓመት አንዴ ነው፣ 30 ዓመት ካለፋት አትገባም። ብዙዎቹ የሚኖሩት በማስተማርና ዘፋኝ በማጀብ ነው፣ እሱም መጥፎ ኑሮ አይደለም።
ሌላው እጅ ነው። እኔ አዲስ አበባ ስማር አንጓዬን እያመመኝ አስተማሪዬ ግፋበት አለኝ፣ ገፋሁ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ብርጭቆ ማንሳት አቃተኝ። ትልልቆቹም አልቀረላቸውም፣ አሜሪካዊው ፒያኒስት ሊዮን ፍላይሸር በ36 ዓመቱ የቀኝ እጁ ጣቶች እየተጠቀለሉ አስቸግረውት ለ30 ዓመት ያህል ባብዛኛው በግራ እጁ ብቻ የሚጫወቱ ስራዎችን ነው ያቀረበው። ስለዚህ ካመማት ታቁም፣ በየ40 ደቂቃው ትነሳ። ያን ጣውላ ደግሞ አንሱላት በአላህ፣ ጠንካራ እንጨት መምታት ለጣት አይሆንም።

የደሴው ወንድም፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጣውላውን ዛሬውኑ አነሳሁት፣ ተኮራርፈናል። አምባሰሉን ግን በ10 ደቂቃ አገኘችው፣ እናቴ ጀበናውን ይዛ በር ላይ ቆማ ስታንጎራጉር ደረስኩ፣ ስለ ነርስነቱ ምንም አላለችም። ቆይታ ግን "መነኩሴዋን ድገምልኝ" አለችኝ። ባለ 88 ቁልፍ ሁለተኛ እጅ ያየ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አዲስ አበባም ቢሆን ሄጄ አመጣለሁ፣ ራሴ ነክቼ።