የጀልባ ሞተር የሙቀት ጌጅ 105 ያሳያል፣ ሞተሩ ግን የሞቀ አይመስልም

የግድቡ_ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት። የምጠይቀው ከጅማ ነው። ግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ላይ ሰው የምታመላልስ የፋይበር ጀልባ ናት። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ፣ 12 ቮልት፣ በኩላንት የሚቀዘቅዝ ነው። የግድቡ ውሃ በሙቀት መለዋወጫው አልፎ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ቴርሞስታቱ (ኩላንቱ ሲሞቅ የሚከፈተው በር) ላይ 82 ተጽፏል። የድሮው ጌጅ መስታወቱ ተሰብሮ በአዲስ ተቀየረ፣ ሙቀቱን ለጌጁ የሚነግረው ሴንሰር ግን የድሮው ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ደህና ሲሞቅ ቀስቱ 95 ላይ ይቆማል። መብራትና የጀልባ ውሃ መምጠጫ ፖምፕ ሲበራ 105 ይደርሳል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ውሃ እንደ ወትሮው ነው፣ እንፋሎትም የለም። ጋራዥ ስጠይቅ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣል» ተባልኩ። ምን ትላላችሁ?

ማሳ_ሽቦ
ቴርሞስታቱን እንዳትነካ። ቴርሞስታት የሌለው ናፍጣ ሞተር በደንብ አይሞቅም፣ ጭሱ ይበዛል፣ ናፍጣው ዘይት ውስጥ ይገባል፤ ጌጁም ቢሆን አይታረምም።

ያንተ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ፍንጭ አለ። መብራት ስታበራ ቀስቱ መንቀሳቀሱ አንዱ ነው። አምፖል የሞተር ውሃ አያሞቅም። የዳሽቦርዱ ማሳ (ከረንት ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር) ደካማ ሲሆን የመብራቱና የፖምፑ ከረንት በዚያው ቀጭን ሽቦ ሲመለስ፣ የጌጁ ማሳ ቮልት ከሞተሩ ማሳ ከፍ ይላል። ጌጁ ይህን የሚያየው የሴንሰሩ ኦም (ለከረንት ያለው ተቃውሞ፣ ሲሞቅ የሚቀንስ) እንደቀነሰ አድርጎ ነው፣ ትርጉሙም «ሞቋል» ማለት ነው። ሁለተኛው ፍንጭ አዲሱ ጌጅ ከድሮው ሴንሰር ጋር መጋባቱ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

መጀመሪያ ግን እውነተኛውን ሙቀት እወቅ። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለካ፣ ነገር ግን በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ አትለካ፤ አሳንሶ ይነግርሃል። ሴንሰሩ ከገባበት አጠገብ የቴርሞስታቱን ቤት ጠርገህ ጥቁር ናስትሮ ለጥፍ፣ ከ10 ሴንቲሜትር በማይበልጥ ርቀት በናስትሮው ላይ አነጣጥር። ከውጭ የሚገኘው ከውስጡ ውሃ ጥቂት ዲግሪ ቢያንስ አይገርምም።

ቀጥሎ ቁልፉን ክፈትና የሴንሰሩን ሽቦ ንቀል። ቀስቱ ወደ ቀዝቃዛ መውረድ አለበት። ካልወረደ ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ማሳ ነክቷል ወይም ጌጁ ራሱ ተበላሽቷል። ከዚያ የነቀልከውን ሽቦ ለአፍታ ብቻ የሞተሩን ብረት አስነካ፤ ቀስቱ እስከ መጨረሻው ይወጣል። በሁለቱም በትክክል ከታዘዘ ሽቦውና ጌጁ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ትክክል ይለካሉ ማለት ግን አይደለም።

ለዚያ ሬዚስተር ያስፈልግሃል። ሬዲዮ ጥገና ቤት 68 እና 39 ኦም ግማሽ ዋት ግዛ። በተነቀለው ሽቦና በማሳ መካከል ስታስገባቸው በአውሮፓው ቪዲኦ (VDO የሚባለው የጌጅ አምራች) መስፈርት የተሠራ ጌጅ በ68 ወደ 80፣ በ39 ደግሞ ወደ 100 ዲግሪ ያሳያል። የአሜሪካው መስፈርት ሌላ ነው፦ ሴንሰሩ 38 ዲግሪ ላይ 450 ኦም ገደማ፣ 121 ላይ 30 ገደማ ነው። የአውሮፓ ሴንሰር ከአሜሪካ ጌጅ ጋር ስታጣምር በሥራ ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ያነባል። የተገላቢጦሹ ዝቅ ያደርጋል፤ ሞተር የሚያቃጥለውም እሱ ነው።

ጥቁር_ጭስ
ማሳ_ሽቦ ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሴንሰሩን አውጥታችሁ በፈላ ውሃ የምትፈትኑ ሰዎች፣ ጅማ ላይ ውሃ በ100 አይፈላም። ከተማው ከባሕር ወለል 1700 ሜትር በላይ ስለሆነ የሚፈላው በ94 አካባቢ ነው። የቪዲኦ ሰንጠረዥ ለ100 ዲግሪ 38 ኦም ይላል፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ሴንሰር ግን 45 አካባቢ ይሰጣችኋል። ደህናውን ሴንሰር «ሞቷል» ብሎ የሚጥል ሰው ብዙ ነው። ሴንሰሩን በክር አንጠልጥሉት፣ የድስቱን ታች አይንካ። አንዱን የቴስተር ጫፍ በአካሉ፣ ሌላውን በጫፉ ላይ።

በዚሁ ምክንያት ግን «105 ሆኖ እንፋሎት ከሌለ ጌጁ ውሸታም ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። ያ የሚሠራው ክፍት ሲስተም ላይ ነው። የኩላንቱ ክዳን 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ከሆነ በዚህ ከፍታ ንጹሕ ውሃ እንኳን እስከ 115 ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ስለዚህ መለካቱን አትዝለለው። ክዳኑን ደግሞ ሞተሩ ቀዝቅዞ ካልሆነ አትክፈት፣ ፊትህ ላይ ነው የሚፈነዳው።

የግድቡ_ልጅ
አመሰግናለሁ። ያላችሁትን ሠራሁ። ሞተሩ ሞቆ ጥቁር ናስትሮው ላይ 79። ሽቦው ሲነቀል ቀስቱ ወረደ፣ ማሳ ሲነካ ወጣ። ሴንሰሩ በዚያው ሙቀት 66 ኦም። በ68 ኦም ሬዚስተር ጌጁ 92 አሳየ፣ ያውም መብራት ሳይበራ። በጌጁ ማሳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ደግሞ መብራትና ፖምፕ በርቶ 0.6 ቮልት አገኘሁ።

ማሳ_ሽቦ
እንግዲህ ተገለጠ። 66 ኦም በአውሮፓው ሰንጠረዥ 81 ዲግሪ ነው፣ ናስትሮው ላይ ካገኘኸው 79 ጋር ይገጥማል። ሴንሰርህ ጤነኛ፣ ሞተርህም ጤነኛ ነው። በ68 ኦም 80 ሳይሆን 92 ያሳየው ጌጁ ግን የአሜሪካ ነው። ከሁለቱ አንዱን ቀይር። እኔ ጌጁን እለውጥ ነበር፤ የሴንሰር መጠምዘዣ ጥርስ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ የማይገጥመውን በግድ ካጠበቅኸው የቴርሞስታቱን ቤት ትሰነጥቃለህ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ልትገዛ ስትሄድ ቴስተር ይዘህ ሂድ፣ በሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አትመን። 68ቱን ኦም ሻጩ ፊት በባትሪ ፈትን።

0.6 ቮልት ብዙ ነው፣ ከ0.1 ባይበልጥ ጥሩ። ከዳሽቦርዱ ማሳ ቀጥታ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ዘርጋ። ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ፣ ካሰርክ በኋላ ግሪስ ቀባ። አረንጓዴ የሆነ ሽቦ ካየህ ጫፉን ብቻ አትቁረጥ፣ ዝገቱ በላስቲኩ ውስጥ ወደ ውስጥ ይሄዳል።

ሴንሰሩን አንድ ቀን ካወጣኸው ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አትጠቅልል። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ ነው። ቴፍሎን ሲበዛ ቀስቱ ዝቅ ይላል ወይም ይዘላል።

ጥቁር_ጭስ
ጌጁ ከተስተካከለ በኋላ ቀስቱ ፈጥኖ ቢወጣ ወደ ውሃው ሂድ። ክረምት ላይ ጊቤ ደለል ይዞ ነው የሚመጣው፣ ደለል ደግሞ የማቀዝቀዣ ውሃ ፖምፑን የጎማ ኢምፔለር (ውሃ የሚገፋውን ባለ ክንፍ ጎማ) ይበላዋል። ኢምፔለሩን አውጥተህ ክንፎቹን ቁጠር። አንድ ክንፍ ከጎደለ አዲስ ገጥሞ መዝጋት አይበቃም፣ ቁራጩ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት መለዋወጫው መግቢያ ላይ ተሰክቶ ይገኛል። ስታዘግም ደህና ሆኖ ጋዝ ስትሰጥ ብቻ ሙቀቱ ከወጣ በመለዋወጫው ወይም በመግቢያ ወንፊቱ ላይ ደለል አለ። በተቃራኒው ስታዘግም የሚወጣና ጋዝ ስትሰጥ የሚወርድ ከሆነ ኢምፔለሩ ሳስቷል ወይም ፖምፑ አየር ይስባል።

ኩላንት ሲጎድል ደግሞ ሴንሰሩ ከውሃው ወጥቶ በአየር ውስጥ ይቀራል፣ ቀስቱም ሞተሩ እየነደደ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ለዚህ ነው ለብቻው የሚሠራ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው። በጌጁ ላይ ያልተመረኮዘ፣ 95 አካባቢ ሲደርስ የሚዘጋ የሙቀት ስዊች ከጩኸት ጋር ግጠም። ቁልፉን ከፍተህ የስዊቹን ሽቦ ማሳ አስነካ፤ ካልጮኸ ጀልባዋ ሰው አትጫን።