ሥዕሌ ውሃ ገባበት፣ ቶሎ ድረሱልኝ!

ሰብሊ_ኤደንብራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ሥዕል ረጠበ። ከደብተር ብዙም አይበልጥም። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ነው የገዛሁት። ሻጩ፣ ሠዓሊው ዴቪድ ዊልኪ «ፔኒ ዌዲንግ» የተባለውን ሥዕሉን ከመሳሉ በፊት በዘይት ቀለም የሞከረበት ስተዲ ነው ብሎኛል። አሁን ቫዮሊን ተጫዋቹ ፊት ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ወጣ። ታች ጥጉ ላይ ቀለሙ እየተላጠ ነው። በፎን ላድርቀው?

ሸራ_ወጣሪ፦
በፎን እንዳትሞክሪው! አሁኑኑ አውርደሽ ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ አጋድሚው። ሸራ ነው ጣውላ?

የታሪክ_ወዳጅ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የያዝሽውን እወቂ። ዊልኪ በ1785 ፋይፍ ውስጥ የተወለደ ስኮትላንዳዊ ነው። ገበያውን፣ ሠርጉን፣ ኪራይ መክፈል ያቃተውን ገበሬ ነው የሳለው። «ፔኒ ዌዲንግ» የ1818 ሥራ ሲሆን ዛሬ በብሪታንያ ንጉሣዊ ስብስብ ውስጥ ነው። ሥዕሉ ላይ ቫዮሊኑን የሚጫወተው ስመ ጥሩው ስኮትላንዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ኒል ጋው ነው። ሰውየው በ1807 ነው ያረፈው፤ ሥዕሉ ሲያልቅ ከሞተ 11 ዓመት ሆኖታል። እኔ ይሄን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል።

የግላስጎዋ_እማማ፦
ፔኒ ዌዲንግ እንግዳው ሳንቲም አዋጥቶ የሚደገስ ሠርግ ነው አሉ። እኛስ መዋጮ መች አጣን! ልጄ፣ በፎን አታድርቂው። የእናቴ የእመቤታችን ሥዕል ረጥቦ ሂተር አጠገብ ባደርገው ጣውላው ቆልመም ብሎ ቀረ።

ቀስ_በል፦
ይቅርታ፣ ግን ስተዲ መሆኑን ማን አረጋገጠልሽ? የዊልኪ ሥዕሎች በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው በኅትመት ተሰራጭተዋል። ብዙ ሰው ከዚያ ላይ ቀድቷል። ኅትመቱ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀጂው ቀለሙን በግምት ነው የሚሞላው። የልብሶቹን ቀለም ከዋናው ጋር አስተያዪ። ስተዲ ከሆነ ሠዓሊው ሐሳቡን የቀየረበት ቦታ አይጠፋም። ዋናው ላይ ያለ ሰው እዚህ ሌላ ቦታ ቆሞ ወይም ጭራሽ ሳይኖር ታገኚዋለሽ። ሁሉም ነገር ቁርጥ ዋናውን ከሆነ እኔ እጠራጠራለሁ።

ሸራ_ወጣሪ፦
ወንድሜ፣ እሱ ነገም ይደርሳል። ቅጂም ቢሆን ቀለሙ እየረገፈ ነው።

ሰብሊ_ኤደንብራ፦
ጣውላ ነው። አጋድሜዋለሁ። አንድ የቀለም ቅርፊት ወደቀ። ቡናማ ነው፣ ከምስር ፍሬ ያንሳል። በኮላ ልለጥፈው?

ሸራ_ወጣሪ፦
ኮላ በፍጹም። ቅርፊቷን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለሽ ፖስታ ውስጥ ክተቺ። የወደቀችበትን ቦታ ፎቶ አንሺና ፖስታው ላይ ጻፊው። ከሥር በአራቱም ጥግ ቡሽ አድርጊበት፣ ጀርባውም አየር ያግኝ። ፊቱን በሶፍት እንዳትነኪው። በፌስታልም አትሸፍኚው፤ ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ነጩ ጉም አብዛኛውን ጊዜ ቫርኒሹ እርጥበት ይዞ ነው፤ ቀለሙ ጠፋ ማለት አይደለም። ብቻ ራስሽ አትጥረጊው። ጠዋት ለሥዕል ጠጋኝ ደውዪ። ብሪታንያ ውስጥ «አይኮን» የሚባለው የቅርስ ጠጋኞች ማኅበር የባለሙያ ዝርዝር አለው።

የግላስጎዋ_እማማ፦
ልጄ፣ ውሃውስ ቆመ? ጠረጴዛው ከኮርኒሱ ጠብታ ሥር እንዳይሆን።